እህል ባለበት አገር በሽታ የሚደፍረው ልጅ

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲታመም ብዙ ጊዜ አያተኩስም። እናቱ ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነክታ «ትኩሳት የለውም፣ ተመስገን» ትላለች፤ ልጁ ግን ሳንባው ወይም ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ተሸክሟል። ትኩሳት ሰውነት በጀርም ላይ የሚያነደው እሳት ነው፤ ማገዶ ያለቀበት ሰውነት እሳቱን አያነድም። ጤና ጣቢያ ውስጥ በከባድ የምግብ እጥረት ለሚታከም ሕፃን የኢንፌክሽን ምልክት ባይታይበትም እንኳ ገና ሲገባ አሞክሳሲሊን የሚታዘዝለት በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያው የልጁን ዝምታ አያምነውም።

በወሎ ደጋ ይህ ነገር አሮጌ ክርክር አለበት። ሰው ሲያልቅ የገደለው ረሃብ ነው ወይስ በሽታ? በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ከረሃቡ ጋር ደግሞ ፈንጣጣው፣ ተስቦውና ኮሌራው ተከታትለው መጡ። በ1966 የወሎ ረሃብ ሹማምንቱ ነገሩን ሸፋፍነው ለማሳለፍ ሞከሩ። መቼም ለሹም «ወረርሽኝ ገባ» ማለት «ሕዝቤ ተራበ» ከማለት ይቀለዋል። በ1977 ደግሞ በኮረምና በሌሎቹ መጠለያዎች ብዙ ሰው እህሉ አጠገቡ ከደረሰ በኋላ በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ሞተ።

የጎዴው ጥናት ይህንን በቁጥር አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሶማሌ ክልል ጎዴ በድርቁ ወቅት የሞቱትን ሰዎች ምክንያት አጥኚዎች አንድ በአንድ አጣሩ። ከሞቱት 159 ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 35ቱን የገደለው ኩፍኝ ነበር፤ ወይ ብቻውን፣ ወይ ከከባድ መክሳት ጋር ተደርቦ። ጥናቱ ያወጣው ፍርድ ግልጽ ነው፤ እርዳታ ሲላክ ክትባቱ ከስንዴው እኩል መድረስ ነበረበት። «ረሃብ ወይስ በሽታ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ሁለቱ አንዱ ሌላውን ተሸክሞ ነው የሚገባው።

ሐኪሞች ይህንን በአንድ ሐሳብ ጠቅልለው ማስተማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1959 ኔቪን ስክሪምሾው፣ ካርል ቴይለርና ጆን ጎርደን የምግብና የኢንፌክሽንን ትስስር የሚተነትን ጽሑፍ ካወጡ በኋላ ነው። የተጎሳቆለ ልጅ ቶሎ ይታመማል። የታመመ ልጅ ምግብ ይጠላል፣ የበላውንም በተቅማጥ ያጣዋል፤ በትኩሳትና በቁስል ላይ ደግሞ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ እየበላ ነው። አንዱ በሽታ ሳይለቀው ሁለተኛው ይደርባል። ከሁለቱ የቱ ቀደመ ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም።

የሰውነት መከላከያ ሠራዊት የት እንደሚጎዳ ለማየት ደረት ውስጥ፣ ከልብ ከፍ ብሎ የተቀመጠችውን ታይመስ የምትባል ዕጢ ማየት ይበቃል። ቲ ሴል የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1845 በጻፈው መጽሐፍ ይህች ዕጢ የሰውነትን የአመጋገብ ሁኔታ የምታሳይ መለኪያ እንደሆነች አስተውሏል። በረሃብ በሞቱ ሕፃናት ላይ ተሟሽሻ ትገኛለች። ሌላው ምሽግ ደግሞ የአንጀትና የሳንባ የውስጥ ልባስ ነው። ያለማቋረጥ የሚታደስ ስስ ቆዳ ስለሆነ ፕሮቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ቀድሞ የሚሳሳው እርሱ ነው።

ወደ ደጎሎ እንምጣ። ደጎሎ የጃማ ወረዳ ከተማ ናት፤ በደቡብ ወሎ ደቡባዊ ደጋ፣ ከወንጭት ገደል አፋፍ ወዲህ። ዙሪያዋን ሜዳው ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት የሚያጣብቅ፣ በጋ የሚሰነጠቅ። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴና የባቄላ ዝርያዎችን ከሚፈትሽባቸው ቦታዎች አንዱ ጃማ ነው። የደጎሎን ነገር አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እዚህ ያለው ጥያቄ የድርቅ ዘመን ጥያቄ አይደለም፤ ጎተራ ባለበት ቤት ልጅ ለምን ይቀነጭራል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ይህ በአገሪቱ ካሉ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነው። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት የክልሉ ወደ 41 ወርዷል። ጤፍና ስንዴ ለአዲስ አበባ የሚልክ ክልል በመቀንጨር አንደኛ ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱን የሚጠቁመው ሌላ ቁጥር እዚያው 2016ቱ ጥናት ውስጥ አለ፤ በአገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በቂ ዓይነት ያለው ምግብ ያገኙት 14 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። የጎደለው ሆድ የሚሞላ እህል ሳይሆን ዓይነቱ ነው።

ዓይነቱ የሚጎድልበትን ቦታ ለማየት ገበያ መውጣት ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ሴት በቅርጫት ገለባ ውስጥ የደረደረቻቸውን እንቁላሎች ይዛ ትቀመጣለች፤ ነጋዴው አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥቶ እያየ ይቆጥራል። በገንዘቡ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ይገዛል። ቅቤውም እንዲሁ ነው። ምስሩ ደግሞ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ከጎተራው ቀድሞ ይወጣና ስንዴውና ጓያው ለቤት ይቀራል። ይህ ድንቁርና አይደለም፤ ስሌት ነው። እንቁላሉን ለልጅ ያበላ ቤት ጨው አጥቶ ይሰነብታል። «እናቶችን ስለ አመጋገብ እናስተምር» የሚለው መፈክር ይህንን ስሌት ሳይነካ ሲቀር ለምን ውጤቱ እንደሚያንስ ከዚህ ይታያል።

ቤት የቀረው እህል ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በስንዴ፣ በጤፍና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ውህድ ዚንክንና ብረትን አንቆ ይይዛል፤ አንጀት በደንብ ሊወስዳቸው አይችልም። ቡኮው ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ እርሾው ፋይቴቱን ይሰባብረዋል፤ እንጀራ በዚህ ከቂጣ ይሻላል። ልጁ ከእንጀራው በፊት የሚቀምሰው ግን ሙቅና ገንፎ ነው፤ ሳይቦካ፣ ከአንድ ዓይነት ዱቄት፣ እንዲወርድለት ቀጥኖ የተሠራ። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ብቅል ማብቀልን አሳምሮ ያውቃል። የበቀለ እህል ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ገንፎውን ስለሚያቀጥነውም በአንድ ሲኒ ውስጥ የበለጠ ዱቄት ማስገባት ይቻላል። ዕውቀቱ ቤቱ ውስጥ አለ፤ የዋለው ግን ለጠላው ነው።

ዚንክ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ አገር ነው። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ በአርሲ፣ በዶዶታ ሲሬ፣ 100 የቀነጨሩና 100 ያልቀነጨሩ ሕፃናትን ወስደው ለግማሾቹ ዚንክ፣ ለግማሾቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ መድኃኒት ለስድስት ወር ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያገኙት ቁመታቸው በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር፣ ያላገኙት 2.8 ብቻ ጨመሩ። ሳሉ፣ ተቅማጡ፣ ትኩሳቱና ማስመለሱም ቀነሰ። ከአራት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ሁሉ ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ መከሩ። ዛሬ በየጤና ኬላው ከኦአርኤሱ ጋር የምትሰጠው ዚንክ የመጣችው ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ነው። ብዙ እናት ተቅማጡ ሲቆም እንክብሉን ታቆመዋለች፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው ግን ቀናቱ ሲሞሉ ነው።

ሁለተኛው አገርኛ ጥናት ከምግብ ይልቅ ፀሐይን ይመለከታል፤ ቫይታሚን ዲን በዋናነት የምናገኘው ከፀሐይ ነውና። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ፣ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ውጤት የሚያስገርም ነበር። ከታመሙት 210ሩ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ ሪኬትስ፣ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልለት አገር!

ምክንያቱን ማንኛዋም የወሎ አያት ታስረዳለች። አራስ ልጅ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ያየዋል፣ ነፋስ ያገኘዋል። ስለዚህ ተጠቅልሎ ጓዳ ይከርማል፤ ሲወጣም ከነጠላው ሥር ነው። በደጋ ብርዱም አለና መጠቅለሉ ይብሳል። ይህ የአያቶች ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም፤ አራስ ልጅ ብርድ እንዳያገኘው መጠበቅ ያድነዋል። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ እጅና እግሩን ገልጦ ፀሐይ ማሞቅ ግን ከዚህ ጋር አይጣላም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

የሉሉ ሙሄን ውጤት ያየ ሰው «እንግዲያውስ ለሁሉም ሕፃን ቫይታሚን ዲ እንስጥ» ማለቱ አይቀርም። በካቡል ተሞከረ። ከሦስት ሺህ በላይ ሕፃናት ግማሾቹ በየሦስት ወሩ ከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ዲ ተሰጣቸው፤ የሳንባ ምቹ አልቀነሰም። ይህ ጽሑፍ ሊል የሚፈልገው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ምግብ የመከላከያ አቅምን የሚያድነው ከጉድለት ነው፤ ጉድለት የሌለበት ሰው ላይ ማብዛቱ ምሽጉን ከፍ አያደርገውም። ጉድለቱ ባለበትም ቢሆን በጅምላ የሚሰጥ መድኃኒት ሁልጊዜ አይሳካም።

ቫይታሚን ኤ ግን ተሳክቷል። አልፍሬድ ሶመር በኢንዶኔዢያ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲታተም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እንክብሉን ያገኙ ሕፃናት ሞት በሲሦ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከሕፃናቱ 37.7 በመቶዎቹ በደማቸው ያለው ቫይታሚን ኤ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የተደረገው ሌላ ጥናት ወደ 14 በመቶ ወርዶ አግኝቶታል። ሰማያዊዋ እንክብል ከ6 እስከ 11 ወር ላለው፣ ቀይዋ ከአንድ ዓመት በላይ ላለው፤ ጫፏ ይቆረጥና ልጁ አፍ ውስጥ ትጨመቃለች። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ደግሞ በዓመቱ ቆጠራ ሳይሆን ወዲያው ይሰጠዋል፤ ኩፍኝ በጉበት የተጠራቀመውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጠዋልና፣ ሳይተካ ከቀረ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ማታ ማታ ከደጅ ሲገባ በርጩማ የሚያደናቅፈው ልጅ ዳፍንት እንደያዘው ማወቅ ያለበት ሐኪም ብቻ አይደለም።

ብረት ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። ደም ማነስ ያለበት ልጅ ብረት ያስፈልገዋል፤ ጀርሙም ግን ብረት ይፈልጋል። ሰውነት ይህንን ስለሚያውቅ በታመመ ጊዜ ብረቱን ከደም ውስጥ ሰብስቦ ይደብቃል። በዛንዚባር ፔምባ ደሴት፣ ወባ በበዛበት አካባቢ፣ ለሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ በጅምላ ሲሰጥ የሞቱትና ሆስፒታል የገቡት በ12 በመቶ በዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ይህ ውጤት የብዙ አገሮችን መመሪያ አስቀይሯል። በሆስፒታል የማረጋጊያ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት ብረት የሌለበት በስህተት አይደለም። ደጎሎ ራሷ ደጋ ናት፤ ከታች ወንጭትና ዓባይ ሸለቆ ግን ወባ አለ። ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው ጎልማሳም ተሸክሞት ይመለሳል። ከመድኃኒት መደብር «ለደም» ተብሎ የሚገዛ የብረት ሽሮፕ ሳይመረመር ለልጅ የሚሰጥበት ልማድ የሚያስፈራኝ በዚህ ምክንያት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ሲገኝ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በአንድ ጀምበር ውድ ሆኑ። ፌጦውም፣ ጤና አዳሙም ተፈለገ። እነዚህ ሁሉ ወጡን ያጣፍጣሉ፤ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ። ለአንድ ቤት ግን የነጭ ሽንኩርቱ ዋጋ ከእንቁላሉ ከወጣ፣ የመከላከል አቅሙ ያን ጊዜ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።

አዋቂውስ? ለአዋቂው የሚበጀው ምሳሌ ከሕንድ የመጣ ነው። በጃርካንድ ግዛት ሳንባ ነቀርሳ ያለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች፣ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች፣ ግማሾቹ በየወሩ ሩዝና ጥራጥሬ፣ ከተጨማሪ ቫይታሚን ጋር፣ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ምግብ ባገኙት ቤቶች አዲስ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ በ39 በመቶ ቀነሰ፤ በሚተላለፈው ዓይነት ደግሞ በ48። አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት አይደለም፤ በዋናነት ሩዝና ጥራጥሬ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ከሚያስል አባት ጋር ለሚተኛ ለእኛው ደጋ ቤተሰብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሕፃናቱን ከሞት በመመለስ በኩል ደቡብ ወሎ የሚኮራበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኮንሰርን የተባለው ድርጅት ከጤና ቢሮ ጋር በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች፣ የተጎዱ ሕፃናትን ሆስፒታል ሳያስተኙ በየቤታቸው ፕላምፒናት በተባለው የሕክምና ምግብ ማከምን ሞከረ። ቀደም ሲል እናት ሌሎቹን ልጆቿን ጥላ ለሳምንታት ሆስፒታል መተኛት ነበረባት፤ ስለዚህ ብዙዋ አትመጣም ነበር። እዚህና በሐዲያ የተገኘው ልምድ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የቤት ሕክምናውን እንዲቀበል ካደረጉት መካከል ነው። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በልጁ ክንድ ላይ የምትጠቀልላት ባለ ቀለም ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ታሳያለች፤ እናትየዋም የሳምንት ፕላምፒናት ይዛ ትሄዳለች። ድካሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዳነው ልጅ የሚመለሰው ወደዚያው ሌማት፣ ወደዚያው ምንጭ ውኃና ወደዚያው ዶሮ የምትረግጠው ግቢ ነው። ደጋግሞ በቆሻሻ ጀርም የሚጠቃ አንጀት ልባሱ ይሳሳል፤ የበላውንም በሙሉ አይወስድም። ሽንት ቤት ያለ ምግብ ብቻውን፣ ምግብም ያለ ሽንት ቤት ብቻውን የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።

ጾሙን ማንሣት ግድ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆኖ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ ጾም የኑሮ መሠረት ነው፤ ሽሮና ምስር ወጥ ያደገውም በጾም ነው። ልጁ እንዲጾም ያዘዘ የለም፤ ችግሩ ሳይታዘዝ መጾሙ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል ለልጅ መቀቀል ማለት ማሰሮው ይገደፋል ማለት ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ከብዙ ስብከት የሚልቅ መፍትሔ ነው፤ ይህንን ለምእመናን በድፍረት የሚናገሩ ካህናትም አሉ።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣን ቃል ኪዳን ይፋ አድርጎ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ገብቷል። እንቁላል በዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ሁሉ ውስጥ ይነሣል። በኢኳዶር በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር የበሉ ሕፃናት መቀንጨራቸው ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ያው ሙከራ በማላዊ ሲደገም ግን ልዩነት አላመጣም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚያ ያሉት ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይበሉ መሆናቸው ነው። በደጎሎ ዓሣ የለም፤ እንቁላሉም ገበያ ይሄዳል። የደጎሎ ሕፃናት ከማላዊ ይልቅ ወደ ኢኳዶር የሚቀርቡ ይመስለኛል።

ሌላው ትልቅ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን መበልጸግ ግዴታ ነው የሚለው ደንብ ነው። ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነው። ቫይታሚን ኤ የገባበት ዘይት ደጎሎም ሱቅ ይደርሳል። ዚንክ የሚጨመረው ግን በፋብሪካ ዱቄት ላይ ነው፤ የጃማ ገበሬ ደግሞ ያመረተውን ስንዴ በአህያ ጭኖ በሠፈሩ ወፍጮ ቤት ያስፈጫል። ደንቡ እዚያ ወፍጮ ቤት በር ላይ ይቆማል። ለእነዚህ ቤቶች ዚንኩ የሚመጣው አሁንም ከቦካው፣ ከበቀለውና ወደ ገበያ ካልሄደው ነው።